የካሊፎርኒያ ሽቶ ኩባንያ እና በር አንኳኪ ሴቶቹ

ስሙ ካሊፎርኒያ ይበል እንጂ ኩባንያው ካሊፎርኒያ ውስጥ አልተወለደም። በ1886 ሥራ የጀመረው ኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን፣ ቻምበርስ ጎዳና ቁጥር 126 ላይ ነበር (ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው)። መሥራቹ ዴቪድ ሆል ማኮኔል ከዓመታት በኋላ ስለ አጀማመሩ ሲጽፍ፣ የመጀመሪያዋ ክፍል ከአንድ ቤት ጓዳ እምብዛም የማትሰፋ እንደነበረች አስታውሷል። ስሙን የመረጠለት ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ የሥራ ባልደረባው ነው ይባላል፤ የዚያን አገር አበባ ብዛትና ውበት አይቶ ተደንቆ ነበርና። ምርጫው ብልህ ነበር። የምሥራቁንና የምዕራቡን ዳርቻ ያገናኘው የባቡር ሐዲድ ከተዘረጋ ገና 17 ዓመቱ ነው፤ በበረዷማው ሰሜን ምሥራቅ ለምትኖር የገበሬ ሚስት ካሊፎርኒያ ማለት ፀሐይ፣ ብርቱካንና አበባ ማለት ነበር። ይህን ሁሉ ጠርሙሱ ሳይከፈት ስሙ ይነግራታል።

ዛሬ ዓለም ይህን ኩባንያ የሚያውቀው ኤቮን በሚለው ስሙ ነው። ኤቮን ከመሆኑ በፊት ያሳለፋቸው ከ50 በላይ ዓመታት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ተጠቃልለው ይታለፋሉ። ይህ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም የዚህን ቤት ማንነት የወሰነው ሁሉ የተሠራው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ የሠሩት ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ፣ ከትንንሽ ከተሞችና ከገጠር የወጡ ሴቶች ናቸው።

ማኮኔል በ1858 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኦስዊጎ በምትባል ቦታ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ ዩኒየን ለሚባል የመጻሕፍት አሳታሚ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ መጽሐፍ ይሸጥ ጀመር። ስለ ኩባንያው የሚነገረው የታወቀ ታሪክ እዚህ ላይ ይነሳል፦ መጽሐፉን የሚገዛው ሲያጣ፣ የቤት እመቤቶቹን ልብ ለማራራት ትንሽ ሽቶ በስጦታ ይሰጥ ጀመር፤ ሴቶቹ መጽሐፉን ትተው ሽቶውን ወደዱት፤ እሱም መጽሐፉን ጥሎ ሽቶ ሻጭ ሆነ። ታሪኩ ያምራል፣ ሽቶውን በስጦታ መስጠቱም እውነት ነው። ነገር ግን ሰውየውን የከሰረ አዟሪ ያስመስለዋል። ማኮኔል የከሰረ አልነበረም። በመጽሐፍ ንግዱ ውስጥ ከተራ ሻጭነት ወደ ኃላፊነት አድጎ፣ ሻጮችን የሚመለምልና የሚያሠለጥን ሰው ሆኖ ነበር፤ በመጨረሻም አሳታሚውን ራሱን እጁ አስገብቶታል። ወደ ሽቶ ሲሻገር ይዞት የሄደው ትልቁ ሀብት ይኸው ነው፦ ሰውን እንዴት መመልመል እንደሚቻል፣ በደብዳቤ እንዴት ማበረታታት እንደሚቻል፣ የማያውቁት ቤት ደጃፍ ላይ ምን እንደሚባል።

ሌላም ነገር አስተውሏል። መጽሐፍ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ መጽሐፍ ቅዱስ የገዛች ሴት በሚቀጥለው ወር ሌላ መጽሐፍ ቅዱስ አትገዛም። ሽቶ ግን ያልቃል። ያለቀባት ደግሞ ያመጣላትን ሰው ትጠብቃለች።

የሚያመጣላት ማን ይሁን? እዚህ ላይ ወይዘሮ ፐርሲስ ፎስተር ኢምስ አልቢ ይመጣሉ። ወይዘሮ አልቢ በኒው ሃምፕሸር ግዛት የዊንቸስተር ነዋሪ፣ የ50 ዓመት ሴት፣ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበሩ። ለማኮኔል መጽሐፍ ይሸጡ ስለነበር ሥራቸውን ያውቀዋል። የኩባንያው የመጀመሪያ ወኪል ሆኑ። በባቡርና በፈረስ ጋሪ እየተጓዙ ሽቶ ከመሸጣቸውም በላይ በየደረሱበት ከተማ ሌሎች ሴቶችን ይመለምሉ ነበር፦ ጎረቤቶቿ የሚያምኗት፣ ገንዘብ የሚያስፈልጋት፣ እግሯ የማይሰንፍ ሴት ፈልገው ናሙናውን ያስረክቧታል፣ እንዴት እንደሚሸጥ ያሳዩዋታል፣ ወደ ቀጣዩ ከተማ ይሄዳሉ። ኩባንያው ዘወትር የካሊፎርኒያ ሽቶ ኩባንያ እናት እያለ ይጠራቸዋል፤ ኋላም በስማቸው ለጎበዝ ሻጮች የሚሰጥ ሽልማት አቁሟል፣ በምስላቸውም የሸክላ አሻንጉሊት አሠርቷል።

እኔ ግን እናት የሚለው ማዕረግ የሚገባቸውን ያህል አይሰጣቸውም ባይ ነኝ። ማኮኔል ሽቶውንና ገንዘቡን አቀረበ። ሽቶ በጊዜው ብርቅ አልነበረም፤ በየከተማው መድኃኒት ቤቱ ሁሉ የራሱን ይቀምም ነበር። ብርቁ ነገር ከተማ ለከተማ እየሄደ ራሱን የሚያባዛው የሴቶች መረብ ነው፤ ያንን በእግራቸው ሄደው የዘረጉት ወይዘሮ አልቢ ናቸው። በንግድ ታሪክ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ሰው መሥራች ነው የምንለው።

የመጀመሪያው ዕቃ ሊትል ዶት የሚባል ባለ አምስት ጠርሙስ የሽቶ ስብስብ ነበር፦ ቫዮሌት፣ ነጭ ጽጌረዳ፣ ሄሊዮትሮፕ፣ የሸለቆ አበባ እና ሃያሲንት። ሁሉም የአንድ አበባ ሽታ ናቸው፤ የዘመኑ ጨዋ ሴት የምትቀባው እንዲህ ያለውን ነበር። ከበድ ያለ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ድብልቅ ሽታ ያለባት ሴት ትታማለች።

አምስቱ ስሞች ሲነበቡ ቀላል ይመስላሉ፤ ቀማሚው ጠረጴዛ ላይ ግን እያንዳንዳቸው ፈተና ናቸው። ጽጌረዳ በእንፋሎት ዘይቷን ትሰጣለች። የሸለቆ አበባ ግን የቱንም ያህል ቢጨመቅ፣ ቢቀቀል ለሥራ የሚበቃ ዘይት አይወጣትም። ሄሊዮትሮፕም እንዲሁ። ቀማሚው የእነዚህን አበቦች ሽታ ከሌሎች ነገሮች አሰባስቦ በአፍንጫው ትውስታ መገንባት አለበት። የቫዮሌት አበባ እውነተኛው ዘይት ዋጋው የሚቀመስ ስላልነበረ ብዙ ጊዜ የአይሪስ ሥር ደርቆ፣ ዓመታት ተቀምጦ፣ ተፈጭቶ ይተካዋል። ይህን ችግር ያቃለለው ኬሚስትሪ ነው። የሄሊዮትሮፕን ሽታ የሚሰጠው ፒፐሮናል በ1869 ተገኝቶ ነበር፤ ቫኒሊን በ1874 ተሠራ፤ በ1893 ደግሞ ቲማን እና ክሩገር የሚባሉ ኬሚስቶች የቫዮሌትን ሽታ የያዘውን አዮኖን አገኙ። ከዚያ በኋላ ቫዮሌት ከመሳፍንት እልፍኝ ወርዶ የመምህርቷ መሀረብ ላይ ደረሰ። የካሊፎርኒያ ሽቶ ኩባንያ ዕድገት ከዚህ ዘመን ጋር መግጠሙ ትልቅ ዕድሉ ነው።

በእነዚህ የአበባ ሽታዎች ሥር ሽታውን ቆዳ ላይ የሚያቆይ ነገር ያስፈልጋል። የዘመኑ ሽቶ ቀማሚዎች ለዚህ ሥራ ከሚጠቀሙባቸው አንዱ ዝባድ ነበር፤ ለዓለም ገበያ ዝባድ ስታቀርብ የኖረችው ደግሞ በዋነኛነት ኢትዮጵያ ናት። ከጥርኝ የሚወጣው ቅባት በከብት ቀንድ ታሽጎ፣ ከደቡብ ምዕራብ አገራችን ተነሥቶ፣ በነጋዴ እጅ ባሕር ይሻገር ነበር። በንጹሑ ሲሸቱት የሚከብደው ያ ቅባት፣ በአልኮል በጣም ቀጥኖ ጠብታው ሲገባ ለአበባው ሽታ ሙቀትና ዕድሜ ይሰጠዋል። ኒው ዮርክ ያለ ገዢ ግን ጠርሙሱ ላይ የአበባ ሥዕል ብቻ ነበር የሚያየው።

ማኮኔል ራሱ ሽቶ ቀማሚ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ስለዚህ በ1896 አዶልፍ ጌቲንግን ቀጠረ፤ ጌቲንግ በሙያው ሩብ ምዕት ዓመት ያህል የቆየ፣ የራሱ የሽቶ ንግድ የነበረው ሰው ነው። በቀጣዩ ዓመት ከማንሃተን ወደ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በራማፖ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው ሳፈርን ከተማ ባለ ሦስት ፎቅ ቤተ ሙከራ አሠራ። ሳፈርን የባቡር ጣቢያ ነበራት፤ ለላኪ ድርጅት ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ማኮኔል ኑሮውንም እዚያው አደረገ። የከተማይቱና የኩባንያው ታሪክ ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተሳስሮ ኖረ።

ከሳፈርን የሚወጣው ሣጥን አንዲት ወኪል እጅ ገብቶ ገንዘብ እስኪሆን ያለው መንገድ እንዲህ ነው። ወኪሏ ናሙና የተደረደረበት ሣጥን አላት። ክልሏ ተለይቶ ተሰጥቷታል፦ የእሷ ከተማ፣ የእሷ መንደር። ቤት አንኳኩታ ትገባለች፤ ከቤቱ እመቤት ጋር ትቀመጣለች፤ ጠርሙሱን ከፍታ ታሸትታታለች። ያዘዘችውን ትመዘግባለች። የወሩ ትእዛዝ ሲሰበሰብ ለኩባንያው በፖስታ ትልካለች፣ ዕቃው በባቡር ይመጣል፣ እሷም እንደገና ዞራ ታድላለች፣ ገንዘቡን ትቀበላለች፣ እስከ 40 በመቶ የሚደርሰውን ድርሻዋን አስቀርታ ቀሪውን ትልካለች። ደንበኛዋ ዕቃውን ካልወደደችው ገንዘቧ ይመለስላታል። ይህ ዋስትና ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ነበር፤ ቃሉን የምትሰጠው ጎረቤት ናትና፣ በማግሥቱም ቤተ ክርስቲያን ትገናኛታለች።

ዕቃዎቹ ራሳቸው በእጅ ሲያዙ ደስ የሚሉ ነበሩ። የጥሩው ሽቶ ጠርሙስ ክዳኑ የተሞረደ ብርጭቆ ነው፤ ሽታው እንዳያመልጥ አንገቱ በስሱ የፍየል ቆዳ ተሸፍኖ በሐር ጥብጣብ ይታሰራል። ገዢዋ ጥብጣቡን ፈታ፣ ቆዳውን ገልጣ፣ ክዳኑን ነቅላ ነው የምትደርስበት። ዛሬ እነዚህን ጠርሙሶች የሚሰበስቡ ሰዎች ዕድሜያቸውን ከሚለዩበት ምልክት አንዱ ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፦ የሰኔ 30 ቀን 1906ቱን የምግብና የመድኃኒት ሕግ የሚጠቅስ ከሆነ ከሕጉ በኋላ የታሸገ ነው። ያ ሕግ የወጣው ሐሰተኛ መድኃኒትና የተበረዘ ምግብ አገሩን ባጥለቀለቀበት ወቅት ነበር። ኩባንያው ሕጉን ወረቀቱ ላይ በማተም ለወኪሎቹ አንድ ተጨማሪ መተማመኛ ሰጣቸው።

የምግብ ሕግ ሽቶ ቤትን ምን አገባው? ኩባንያው በዚያን ጊዜ ሽቶ ብቻ አይሸጥም ነበር። የቫኒላና የሎሚ ማጣፈጫ፣ የዳቦ ማቡኪያ ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና፣ የፊት ቅባት፣ የልብስ እድፍ ማስለቀቂያ ሁሉ ነበረው። ይህ የተዘበራረቀ ዝርዝር ለወኪሏ ኑሮ ወሳኝ ነበር። ሽቶ ለበዓል ይገዛል፤ የኬክ ማጣፈጫ ግን በየሳምንቱ ይፈለጋል። ሽቶ መግዛቷን የማይወድ ባል ያላት ሴት ማቡኪያውን ለማዘዝ በሯን ትከፍታለች፤ ወኪሏ ከገባች በኋላ ደግሞ የቫዮሌቱ ጠርሙስ ከሣጥኑ መውጣቱ አይቀርም።

በዚያው ዘመን የነበሩ ሌሎች አሜሪካውያን ሽቶ ሠሪዎች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነበር። ሪቻርድ ሀድነት ከአባቱ የኒው ዮርክ መድኃኒት ቤት ተነሥቶ ሽቶውን በትልልቅ መደብሮች መስኮት ላይ አሰለፈ። የፈረንሳይ ስም ያላቸው ጠርሙሶችም የከተማውን ሀብታም ማረኩ። የካሊፎርኒያ ሽቶ ኩባንያ ሱቅ አልነበረውም። ደንበኞቹ የነበሩት መደብር በሌለባቸው፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ በሚዘጋባቸው ትንንሽ ከተሞች ነው። በ1906 አንድ ሽቶውን ጉድ ሃውስኪፒንግ በሚባለው የሴቶች መጽሔት ላይ አስተዋወቀ፤ ያ የመጀመሪያው የመጽሔት ማስታወቂያው ነበር። እስከዚያ ለ20 ዓመት ያህል ያሳወቁት የሴቶች አንደበትና እግር ናቸው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት የወኪሎቹ ቁጥር 10 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። በ1905 አውትሉክ የሚባል መጽሔት ለእነሱ መታተም ጀመረ፤ ምክርም፣ ማበረታቻም፣ የጎበዝ ሻጮች ስምም ይወጣበታል። በ1914 ሞንትሪያል፣ ካናዳ ውስጥ ቢሮ ተከፈተ፤ ወይዘሮ አልቢ ያረፉት በዚያው ዓመት ነው። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የፓናማ ፓሲፊክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ኩባንያው የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ስሙን የተዋሰበት አገርም በዚህ መልኩ አወቀው። በ1920 የዓመቱ ሽያጭ 1 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

1920 የአሜሪካ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብታቸው በሕገ መንግሥት የጸናበት ዓመትም ነው። ኩባንያው ሲጀመር አንዲት ባለትዳር የገጠር ሴት በራሷ ስም ገንዘብ ልታገኝባቸው የምትችላቸው መንገዶች ጥቂት ነበሩ፦ ስፌት፣ እጥበት፣ የሰው ቤት ሥራ። ማስተማር ያላገቡ ሴቶች ሥራ ነበር፤ በብዙ ቦታ ስታገባ ታቆማለች። በዚህ ላይ ሣጥን ይዞ መውጣት፣ ከማያውቁት ጋር ዋጋ መነጋገር፣ ሂሳብ መያዝ፣ ከኒው ዮርክ ድርጅት ጋር በስም መጻጻፍ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ከድርሻዋ ልጇን ያስተማረች፣ ዕዳ የከፈለች፣ ባሏ ሲታመም ቤቱን የያዘች ነበረች። ለዚህ ለኩባንያው ያለኝን አክብሮት አልሸሽግም።

ሌላውንም ወገን መናገር ግን ግዴታ ነው። ወኪሎቹ የኩባንያው ሠራተኞች አልነበሩም። ደመወዝ የላቸውም። ዝናብ ሲጥል፣ ልጅ ሲታመም፣ አዝመራ ሲበላሽና ሰው ሁሉ ሲያጣ ኪሳራው የእነሱ ነው። ታሪክ ጸሐፊዋ ካቲና ማንኮ በ2021 ስለ ኩባንያው ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ሠርተው ይተዉት ነበር። መረቡ ሳይበጠስ የቆየው አዳዲሶች ያለማቋረጥ ስለሚመለመሉ ነው፤ ለዚህም መንገድ ለመንገድ የሚኖሩ ተጓዥ ሴቶች ነበሩ፣ የወይዘሮ አልቢን ፈለግ የያዙ፣ ሌሊቱን በየከተማው ማረፊያ ቤት የሚያድሩ። መረቡ ሁሉንም ያቀፈም አልነበረም። በእነዚያ አሥርት ዓመታት ኩባንያው ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችን ፈልጎ አልመለመለም። ከ1906 ጀምሮ ተመሳሳዩን ከቤት ወደ ቤት የመሸጥ ዘዴ በራሷ የጸጉር ቅባት ንግድ ለእነሱ ከከፈቱት አንዷ የጥጥ እርሻ ልጅ የነበረችው ማዳም ሲ.ጄ. ዎከር ናት።

የስሙ መለወጥ ቀስ ብሎ መጣ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ኤቮን የሚል ምልክት ያለባቸው ጥቂት ዕቃዎች ወጡ፤ የጥርስ ብሩሽ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ስሙ ሼክስፒር የተወለደባትን የስትራትፎርድን ወንዝ የሚያስታውስ ነው፤ ማኮኔል የሳፈርን አካባቢ ያንን አገር ይመስላል ይል ነበር ይባላል። ካሊፎርኒያ የሚለው ስም በ1886 ያደረገለትን ሁሉ አድርጎለታል፤ በመላ አገሪቱና በካናዳ ለሚሸጥ ድርጅት ግን የአንድ ግዛት ስም ጠቦት ነበር። ከዚያ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። ፋብሪካ ሲዘጋና ባሎች ሥራ ሲያጡ ሣጥን ይዘው የሚወጡ ሴቶች በዙ። በ1930ዎቹ የትእዛዝ ዙሩ ከወር ወደ ሦስት ሳምንት አጠረ፤ ወኪሏ ከደንበኛዋ ጋር በዓመት የምትገናኝበት ቁጥር ጨመረ፣ ሽያጩም በዚያ ክፉ ጊዜ አደገ። ማኮኔል በጥር 1937 አረፈ፤ ልጁ ቦታውን ያዘ። በ1939 ድርጅቱ ኤቮን ፕሮዳክትስ ተባለ፤ የካሊፎርኒያ ሽቶ ኩባንያ የሚለው ስም ከዚያ በኋላ አሮጌ ጠርሙሶች ላይ ብቻ ቀረ።

የቀረውን ዘመን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሳፈርን ፋብሪካ ለሠራዊቱ የነፍሳት መከላከያና ሌሎች ዕቃዎችን አመረተ። በ1954 የበር ደወል ድምፅ የሚሰማበት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ወኪሎቹ ፖርቶ ሪኮና ቬኔዝዌላ ገቡ፣ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ብራዚል ደረሱ። ኩባንያውን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመራችው በ1999 ነው፤ አንድሪያ ጁንግ። ወይዘሮ አልቢ የመጀመሪያውን በር ካንኳኩ 113 ዓመት አልፎ ነበር።

ሱቅ በየመንገዱ ሲበዛ፣ ሴቶች ቀኑን ቢሮ መዋል ሲጀምሩ፣ በኋላም ግዢ ወደ ስልክ ስክሪን ሲገባ፣ በአሜሪካ የሚንኳኳው በር ባዶ እየሆነ ሄደ። የሰሜን አሜሪካው ንግድ በ2016 ተገንጥሎ ተሸጠ። ቀሪውን በጥር 2020 የጠቀለለው ናቱራ የሚባለው የብራዚል ኩባንያ ነው። ናቱራ ከ1974 ጀምሮ ያደገው ሱቅ ከፍቶ ሳይሆን፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሣጥን ይዘው በሚዞሩ የብራዚል ሴቶች ነው።